ሙሉ የካሞሚል አበባ ወይስ ቲ ባግ? የትኛው ይሻላል?

ካሞሚል ለመግዛት ስትወጡ ሁለት ዓይነት ይገጥማችኋል፦ ሙሉው የደረቀ አበባና ተፈጭቶ በቲ ባግ የታሸገው። እኔ ሙሉውን አበባ አስቀድማለሁ። የምትገዙትን ነገር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አንድ አበባ አንሱና ከላይ ወደ ታች በምላጭ ሰንጥቁት። ቢጫው እምብርት ውስጡ ባዶ ከሆነ የጀርመን ካሞሚል ነው። የሮማ ካሞሚል የሚባለው ሌላው ዝርያ ድፍን ነው። እሱም ጥሩ ተክል ነው፤ ግን የኬሚካል ይዘቱ ስለሚለይ በጀርመኑ ስም መሸጥ የለበትም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ አንቴሚስ ኮቱላ የሚባለው አረም ነው። አበባው ካሞሚልን ቁርጥ ነው፤ አንቴኮቱሊድ የተባለ አለርጂ የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር ግን አለበት። የእሱም እምብርት ድፍን ነው፤ ምላጩ ያጋልጠዋል።

ቲ ባግ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። ግንድና ቅጠል ቢቀላቀልበት እንኳ ማን ያውቃል? ደግሞ የተፈጨ አበባ መዓዛው ቶሎ ይጠፋል። እርግጥ ለአጠቃቀም ይቀላል። ከገዛችሁ እያንዳንዱ ለብቻው የታሸገውን ምረጡ።

ምላጭ የማይደርስበት ነገርም አለ። የአውሮፓ ፋርማኮፒያ፣ ማለትም የመድኃኒቶችን የጥራት መስፈርት የያዘው መጽሐፍ፣ ሙሉው አበባ በኪሎ ቢያንስ 4 ሚሊ ሊትር ሰማያዊ ዘይት፣ እንዲሁም ቢያንስ 0.25 በመቶ አፒጀኒን 7 ግሉኮሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር እንዲኖረው ይጠይቃል። ዘይቱን ሰማያዊ የሚያደርገው ካማዙሊን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። አበባው ውስጥ ያለው ግን ማትሪሲን የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ነው፤ ዘይቱ በእንፋሎት ሲወጣ ወደ ካማዙሊን ይለወጣል። ስለዚህ ሻያችሁ ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለው የእፅዋት መርዝ ነው። ጉበት ይጎዳል። የሚመጣው ከካሞሚሉ ሳይሆን አብሮት ከሚታጨድ አረም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለደረቅ ካሞሚል ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 400 ማይክሮ ግራም ነው። ይህን የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ስለዚህ የምርመራ ወረቀት ያለው ቲ ባግና ወረቀት የሌለው ሙሉ አበባ ቢቀርቡልኝ፣ ያለማመንታት ቲ ባጉን እወስዳለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ማሸጊያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ግን አረጋግጡ። ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ምርት ነው።

የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለባችሁ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ የትኛውንም ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።