ካኖን ወይስ ኒኮን? መጀመሪያ ሌንሱን እዩ

ያገለገለ ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር ዲጂታል ካሜራ) ሊገዛ የሚወጣ ሰው ሜጋፒክስል ይጠይቃል። እኔ ሌንሱን አስቀድማለሁ፤ ቦዲ (ያለ ሌንስ ያለው የካሜራው አካል) ይቀየራል፣ ጥሩ ሌንስ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣውን ኤፍ ማውንት፣ ማለትም ሌንሱ ቦዲው ላይ የሚገጠምበትን ቀለበት፣ በዲኤስኤልአሮቹ ላይ አልጣለም። ካኖን ግን በ1987 ኤፍዲ የተባለውን የራሱን ማውንት ትቶ ወደ ኢኤፍ ተሻገረ፤ የቀድሞ ደንበኞቹን ቢያስከፋም ፎከሱን (የምስሉን ጥራት) የሚያስተካክለውን ሞተር ሌንሱ ውስጥ አስገባው። ልዩነቱ ዛሬም እጅ ላይ ይታያል። የኒኮንን 50 ሚሊሜትር 1.8ዲ ሌንስ ዲ3200 በተባለው የኒኮን ቦዲ ላይ ግጠሙት፤ ሌንሱም ቦዲውም ሞተር ስለሌላቸው ፎከሱን በጣታችሁ እያዞራችሁ ትፈልጋላችሁ፣ ሠርግ ላይ ከሆናችሁ ሙሽራዋ እስከዚያ አልፋ ትሄዳለች። የካኖን ኢኤፍ 50 ሚሊሜትር 1.8 በርካሹ የካኖን ዲኤስኤልአርም ላይ ራሱ ፎከስ ያደርጋል።

ስለዚህ ሠርግ ማንሳት ለሚጀምር ልጅ ካኖን እላለሁ። ከአባቱ የኒኮን ሌንስ የወረሰ ግን እንዳይሸጠው! ቦዲው ውስጥ ሞተር ያለውን የኒኮን ዲ7000 ይፈልግለት።