የአምስት ቀን የመምህራን የክረምት ስልጠና፦ ከአምስት ሁለት ተኩል ሰጥቼዋለሁ

ትምህርት ቤታችን በነሐሴ መጀመሪያ የውጭ አሰልጣኝ ድርጅት አስመጥቶ አምስት ቀን አሰለጠነን። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ የሰው እንጀራ ነው። ግን በየግል ትምህርት ቤቱ እየዞሩ የሚሸጡት ስልጠና ስለሆነና "እንዴት ነበር?" የሚለኝ መምህር ስለበዛ ያየሁትን ልጻፍ።

ከጊዜው ልጀምር። ፍልሰታ ነው። ግማሻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም። ስድስት ተኩል ላይ ምሳ ተባለና ወጣን፤ የቀረበው የዶሮ ሳንድዊች። ይሄን ያዘዘው ሰው የሚኖረው የት አገር ነው? አዳራሹ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ከሰዓት ዝናቡ ሲጀምር የአሰልጣኙ አፍ ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ ድምፁ የለም።

ሰውየው መጥፎ አይደለም፣ ትሁት ነው። በየቀኑ ጠዋት ግን በአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ነው የሚከፍተው፦ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ወደኔ ክፍል የሚመጣ መንገድ ግን አላሳየንም። ቀጥታ ወደ ስላይድ። "ተማሪን ያማከለ ትምህርት" የሚለውን ሁለት ቀን ሙሉ እሱ ብቻ እያወራ አስተማረን፣ ቀልዱ ያልገባው እሱ ብቻ ነበር። ፎቶዎቹ ላይ አስራ አምስት ልጆች ምንጣፍ ላይ ክብ ሰርተው ተቀምጠዋል። የኔ ሰባተኛ ክፍል 48 ልጅ ነው፣ ክብ ይስሩ ብል ግማሾቹ ኮሪደር ላይ ናቸው። በየመሃሉ ኢነርጃይዘር አለ፤ ተነሱ፣ አጨብጭቡ፣ የጎረቤታችሁን ትከሻ እሹ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የሒሳብ መምህር ትከሻቸውን ለእንግሊዝኛ መምህሯ ሰጥተው ቆመው ነበር፣ ያን ፊታቸውን አልረሳውም።

ሶስተኛው ቀን መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ጠፋ፣ አሰልጣኙም አብሮ ጠፋ ማለት ይቻላል፣ "እስኪመጣ እረፍት እናድርግ" አለ። ያኔ ጋሼ ተነስተው "ስቶር ውስጥ ለቆራሌ የተዘጋጀ የሰኔ ፈተና ወረቀት አለ አይደል፣ እሱን አምጡልኝ" አሉ። በማዳበሪያ ታስሮ መጣ። አቧራውን አራግፈን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍነው።

ያቺን ሰዓት ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። የሒሳብ መምህራን አራት ሆነን የኔን ክፍል ወረቀት አንድ በአንድ አየን። ጥያቄ ሰባት፦ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሶስተኛ። 31 ልጅ ሁለት አምስተኛ ብሎ ጽፏል። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ ማለት ነው። በሰኔ እኮ እኔው ራሴ አርሜዋለሁ። ኤክስ አደረግኩ፣ ደመርኩ፣ ሮስተር ሞላሁ፣ ካርድ ጻፍኩ፣ አለቀ። 31 ልጅ አንድ ዓይነት ስህተት መስራቱን ያየሁት ግን በነሐሴ ነው፣ ያውም መብራት ጠፍቶ። የስድስተኛ ክፍሉ መምህር ትንሽ ዝም ብሎ፣ "ታህት ማመሳሰልን እኔ በሁለት ክፍለ ጊዜ ሮጬ ነው የጨረስኩት፣ ለፈተና ክለሳ ግቡ ስለተባልን" አለ። እኔ ደግሞ ያውቁታል ብዬ ዘልዬዋለሁ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ደወል የለም፣ ወላጅ የለም፣ ውጤት አስረክቡ የሚል የለም። በመስከረም ሁለት ሳምንት ለክፍልፋይ ብቻ እንድይዝ ተስማማን። መብራቱ ሲመጣ ተናደድኩ ብላችሁ ታምናላችሁ?

አራተኛውን ቀን ግን ለአሰልጣኙ እሰጠዋለሁ። ማይክሮ ቲቺንግ ነበር። እያንዳንዳችን አስር አስር ደቂቃ ለባልደረቦቻችን አስተማርን፣ እነሱ አስተያየት ሰጡ። ጥያቄ ጠይቄ ሶስት ሰከንድ እንኳ ሳልጠብቅ ራሴ እንደምመልስ የሰማሁት እዚያ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሳስተምር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሰውየው እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፣ የት ጋ መናገር እንዳለበትና የት ጋ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። ለምን ከመጀመሪያው ቀን እንዳላደረገው አልገባኝም። አምስተኛው ቀን መዝጊያ፣ ንግግር፣ ፎቶ ነው፣ ተዉት።

አበል አልነበረም። በዚያ ሳምንት የማስጠናቸውን ልጆች ስለተውኩ ከኪሴ ነው የወጣው፣ ይሄን ትምህርት ቤቶች ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ሰርተፊኬቱ በዓመት ከሚጠበቅብን የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) 60 ሰዓት ላይ ይቆጠራል ተብለናል።

ርዕሰ መምህር ሆናችሁ ይሄን ስልጠና ልትገዙ ከሆነ አራተኛውን ቀን ብቻ ሽጡልን በሏቸው። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አድርጉት። የፈተና ወረቀቱን ደግሞ ለቆራሌው አትስጡ፣ ለዚህ አሰልጣኝም አያስፈልግም።

ሰርተፊኬቴ ላይ የአባቴ ስም ተሳስቷል። እናርመዋለን ብለው ወስደውታል፣ እስካሁን አልመጣም።