ከድሬዳዋ ለሚበር ሰው፦ ነጠላ የብረት ኮዳ ወይስ ፔርሙዝ?

ጉዞ ያለበት ሰው ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ ወርዶ ኮዳ ከመግዛቱ በፊት ሁሌም የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ቀዝቃዛ የሚያቆየውን ልግዛ ወይስ ተራውን?» ለአውሮፕላን ጉዞ ከሆነ ተራውን ግዙ። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ አፉ እጅ ባያስገባም ብሩሽ የሚያስገባ፣ ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚዘጋ፣ ቀለም ያልተቀባ ነጠላ ስቴንለስ። ድርቡ፣ ሁለት ብረት የተደራረበበት፣ ፔርሙዝ የምንለው፣ ደህናው ከተገኘ ግሩም ዕቃ ነው። ችግሩ ገዢ በብዛት የሚታለለው በእሱ መሆኑ ነው።

በዓመት አንዴ ብቻ የምትበሩ ከሆነ ግን ምንም አትግዙ። ባዶ ሃይላንድ ይዞ ፍተሻ ማለፍ ይቻላል፤ የሚያስቆመው ውስጡ ያለው ውሃ ነው እንጂ ጠርሙሱ አይደለም። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገር በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠራው የ100 ሚሊ ሊትር ገደብም የሚመለከተው ፈሳሹን ነው። አንድ የብረት ኮዳ ለመሥራት የሚፈጀው ማዕድንና ኃይል ለአንድ ሃይላንድ ከሚፈጀው እጅግ ይበልጣል፤ የሚክሰው ደጋግሞ ሲሞላ ብቻ ነው። ኮዳ ገዝቶ ቁም ሳጥን ላይ ማስቀመጥ ከፕላስቲኩ የባሰ ብክነት ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ስለዚህ ኮዳውን በብር ሳይሆን በሃይላንድ ቁጥር ለኩት። የተጠራውን ዋጋ ለግማሽ ሊትር ውሃ ዋጋ አካፍሉ። የምታካፍሉት ለተርሚናሉ ዋጋ ነው፣ ለቀፊራ ገበያው አይደለም፤ ኮዳው የሚያስቀርላችሁ የተርሚናሉን ወጪ ነውና። ለስሌት ያህል ነጠላው 900 ብር፣ ተርሚናል ውስጥ ያለው ውሃ 60 ብር ቢሆን 15 ጠርሙስ ማለት ነው። በደርሶ መልስ አራት ጠርሙስ የሚገዛ ሰው በአራተኛው ጉዞ ገንዘቡን ይመልሳል። ድርቡ 2,400 ቢጠራ 40 ጠርሙስ ነው፤ አሥር ደርሶ መልስ ይፈልጋል። በዚህ መሃል ክዳኑ ተሰብሮ ምትክ ከታጣ ሂሳቡ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ድንበራችሁ ይህ ይሁን፦ የነጠላው ዋጋ ከደህናው ድርብ ግማሽ ካለፈ ተዉት። ለቀለም፣ ለአበባ ሥዕል፣ ለተለጠፈ ስም አትክፈሉ። ቀለም የብየዳውን መስመር፣ ጉድጓዱንና ዝገቱን ይደብቃል፤ ራቁቱን ያለው ብረት ርካሽም ነው፣ አይዋሽምም።

ፔርሙዙ ውድ የሚሆንበት ምክንያት በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው አየር ተመጥጦ መውጣቱ ነው። አየር ከሌለ ሙቀት የሚሻገርበት መንገድ ይጠብበታል። ታቹ ተጋጭቶ ወይም ብየዳው ላልቶ አየሩ ከተመለሰ ግን ያበቃለታል፤ ፋብሪካ ውስጥ አየር በሌለበት ምድጃ የታሸገውን ማንም ብየዳ ቤት መልሶ አያሽገውም። ገበያ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውኑ አየሩ ያልተመጠጠ፣ ሁለት ብረት ብቻ ተደራርቦ በፔርሙዝ ዋጋ የሚሸጥ ሞልቷል። ክብደቱም መልኩም አንድ ነው፤ በዓይን አይለይም።

የሚለየው በፈላ ውሃ ነው። በአካባቢው ሻይ የምታፈላ አትጠፋም፤ የፈላ ውሃ ለምኑና እስከ አፉ ሙሉት፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ ወገቡንና ታቹን ዳብሱ። አንገቱ ቢሞቅ አያስደንግጣችሁ፣ ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙት እዚያ ነው። ወገቡ ከሞቀ ግን መልሱለት። የድሬ ሙቀት ብረቱን ቀድሞ ስለሚያሞቀው፣ ከጎኑ ባዶ ኮዳ አስቀምጣችሁ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ዳብሱ፤ አለዚያ እጅ ይሳሳታል። «ውሃ አታስገባበት» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ማግኔት አውጥቶ «ይኸው አይስበውም፣ 304 ነው»፣ ማለትም ደህናው የስቴንለስ ዓይነት ነው፣ የሚልም አለ። 201 የሚባለውን፣ ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የተጨመረበትን ርካሽ ስቴንለስም ማግኔት አይስበውም። እውነተኛው 304 ራሱ ሲጠፈጠፍ በተጠማዘዘበት አንገት ላይ በመጠኑ ሊሳብ ይችላል። ማግኔት የሚያጋልጠው ጥርቅም አድርጎ የሚይዘውን ተራ ብረት ብቻ ነው። 201ን ከ304 ለመለየት ቤት ወስዳችሁ ቁንጥር ጨው የገባበት የሎሚ ውሃ አንድ ሌሊት አሳድሩበት፤ ጠዋት በብየዳው መስመር ላይ ቡናማ ነጥብ ካለ ርካሹ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የመመለሻ ቀን ተነጋገሩ።

ከብረቱ ይልቅ ጉዞ የሚያበላሸው ክዳኑ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ድሬዳዋ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 2,300 ሜትር አልፎ ነው። የአየሩ ግፊት በዚህ መካከል በ13 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ድሬ ላይ የተዘጋ ኮዳ ውስጥ የታመቀው አየር ወደ ላይ ስትወጡ ይለጠጣል። ክዳኑ ስትሮ ያለው ከሆነ አየሩ ውሃውን ከላይ ይጫነዋል፣ ውሃውም በስትሮው ሽቅብ ይወጣል። ግማሽ የቀረ ባለ 750 ኮዳ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ሊተፋ ይችላል፤ ልብስና ስልክ ለማራስ ይበቃል። ሰው ላስቲኩ የተበላሸ ይመስለውና አዲስ ክዳን ይገዛል፤ አዲሱም ይተፋል።

ተጠምዝዞ የሚዘጋው ክዳን ይህ ችግር የለበትም። ኮዳው ቆሞ ሲከፈት አየሩ «እስ» ብሎ በላይ ይወጣል፣ ውሃው ታች ይቀራል። ባለ ስትሮውን ይዛችሁ ከሆነ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ዋናውን ክዳን በትንሹ አላሉትና መልሳችሁ አጥብቁት፤ ስትሮውን ግን ቀድማችሁ አትክፈቱ። ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ ስትበሩ ይህ ጎልቶ አይታይም። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር አካባቢ ካለው አየር ጋር እኩል እንዲሆን ስለሚጠበቅ፣ ከቦሌ አየር ብዙም አይለይም። ወደ ድሬ ስትመለሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሃይላንዱ ይጨማደዳል፣ የብረቱ ክዳን ወደ ውስጥ ተስቦ ለመክፈት ያስቸግራል።

ነጠላው ውሃ ቀዝቃዛ አያቆይም፣ ይህ ሐቅ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲሞላበትም ውጭው ያልበዋል፤ ከወረቀትና ከላፕቶፕ አርቁት። ለድሬ ፀሐይ መድኃኒቱ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ ደረቁ አየር ጨርቁን ሲያደርቅ ውሃውን ያበርደዋል። ሐረር ላይ ይህም አያስፈልግም። በክብደት ደግሞ ነጠላው የድርቡን ግማሽ ያህል ነው፤ በእጅ የሚያዝ ሻንጣ 7 ኪሎ ብቻ ለሚፈቀድለት መንገደኛ ይህ ቀላል አይደለም። ድርቡን ብር አውጥቶ መግዛት የሚገባው ለሕፃን ወተት የሚበጠበጥበት ሙቅ ውሃ ለምትይዝ እናትና በመኪና ረጅም ቆላ ለሚያቋርጥ ሰው ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ። አልሙኒየም አትግዙ፤ ውስጡ የተቀባው ሽፋን ሲፋቅ ሎሚ ብረቱን ይበላዋል። ፕላስቲክ ከሆነ ታቹ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 የተጻፈበትን ምረጡ። 7 ትርጉሙ «ሌላ» ማለት ነው፤ ትራይታን የተባለው ደህናው ፕላስቲክም፣ ለጤና የሚያሰጋው ቢስፌኖል ያለበት ፖሊካርቦኔትም በዚያው ቁጥር ይሸጣሉ። የሚታጠፈው ሲሊኮን ቦታ አይዝም፣ ግን ሽታ ይይዛል።

የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ስለሆነ ኮዳው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። አንድ እጅ አቼቶ ከሁለት እጅ ሙቅ ውሃ ጋር ደባልቃችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ በብሩሽ። በረኪና በጭራሽ አታስነኩት፤ በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ስቴንለሱን እየበሳ ጥቃቅን ጉድጓድ ያወጣበታል። የድስት ሽቦም የብረት ብናኝ ይተውበትና ብናኙ ይዝጋል። ሽታ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከክዳኑ ላስቲክ ሥር ነው፤ በማንኪያ እጀታ አውጥታችሁ እጠቡት እንጂ በመርፌ አትውጉት።

በረራው ላይ ኮዳችሁን ይዛችሁ አስተናጋጇን ከትልቁ ጠርሙስ እንድትቀዳላችሁ ጠይቁ፤ የኮዳው አፍ የጠርሙሱን አፍ እንዳይነካ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። ከመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ አትቅዱ። ለዑምራ የሚሄድ ሰውም ባዶውን ይያዝ፤ መካ ሐረም ውስጥ ዘምዘም የሚቀዳበት ሞልቷል። አውሮፕላን ውስጥ የሚጣለው ሃይላንድ ቀፊራ እንደሚሸጠው ባዶ ሃይላንድ ለዘይትና ለግመል ወተት መያዣ ተመልሶ አያገለግልም። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ በሚገባ በረራ ከምግብ ትርፍ ጋር የተቀላቀለ ቆሻሻ የእንስሳት በሽታ እንዳያስገባ ተብሎ ይቃጠላል ወይም ይቀበራል።

ዋጋ ተከራክራችሁ ሻጩ አልቀንስም ካለ፣ በቅናሹ ፋንታ ልኩ የሆነ አንድ ትርፍ የክዳን ላስቲክ ጠይቁት፤ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው፣ ለብቻው ሲፈለግም አይገኝም።