ፑሌጃዋን አልሸጥልህም ያሉኝ መካኒክ

ወረቀቱ ዛሬም የመኪናዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ፊትና ጀርባው የተጻፈበት፣ አንዱ ጥጉ በዘይት የወየበ ተራ ወረቀት ነው። በፊት ገጹ «ዘይት»፣ «ፍሬን»፣ «ቤንዚን»፣ «ፍሪሲዮን» ይላል፤ ከእያንዳንዱ ጎን ዋጋና ቀን ሰፍሯል። እኔ ፈልጌ የሄድኩት ተጨማሪ ጉልበት ያለው ገጹ ሲገለበጥ ነው። ይህን ምስክርነት የምጽፈው ስለዚያ ወረቀትና ወረቀቱን ስለጻፈልኝ ጋራዥ ነው።

ጋራዡ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ያለ፣ ሦስት መኪና ብቻ የሚያነሣ ጠባብ ቤት ነው። ባለቤቱ ስድሳን የተሻገሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ ሙያውን የጀመሩት አዲስ አበባ፣ በከባድ መኪና ጋራዥ ነው። አፋቸው ላይ ያለው ቃል ሁሉ ከዚያው የመጣ ነው፦ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰው)፣ ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ)፣ ኩሽኔታ (የሚዞር ብረት የሚያርፍበት)፣ ፑሌጃ (ቺንጊያ የሚያዞረው ክብ ብረት)። የሞተርን ኮምፒውተር የሚያስተካክለው ግን ልጃቸው ነው። አባት ብረቱን፣ ልጅ ቁጥሩን ይዘዋል።

መኪናዬ የ2013 ሳየን ኤፍአር-ኤስ ናት። ቶዮታና ሱባሩ አብረው የሠሯት፣ አሜሪካ ውስጥ ሳየን የሚለው ስም በ2016 እስኪቀር ድረስ በዚያ ስም የተሸጠች፣ ከዚያ በኋላ ቶዮታ 86 የተባለች ባለሁለት በር መኪና ናት። ሁለት ሊትር ቦክሰር ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ 1,250 ኪሎ አካባቢ ክብደት አላት። መታጠፊያ ላይ የምታስደስት መኪና ናት፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ግን ጉልበት ያንሳታል። ይህን የማይል ባለቤት አላጋጠመኝም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቅሜ የጃክሰን ሬሲንግ ሱፐርቻርጀር፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ፣ ገዛሁ፤ 5,200 ዶላር ወጣብኝ።

ስለ ዕቃው ያለኝን አስቀድሜ ልናገር፤ እጅግ ወድጄዋለሁ። ልቡ የዴንማርኩ ሮትሬክስ ሲ30 ነው። ቺንጊያው ፑሌጃውን አንድ ዙር ሲያዞረው የአየር መጭመቂያው ከዘጠኝ ዙር በላይ ይዞራል። ያንን ዙር የሚያባዛው ጥርስ ያለው ማርሽ አይደለም፤ ለስላሳ ሮለሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩ ዘይት ግፊት ሲበዛበት ስለሚጠጥር ኃይሉን ያስተላልፋል። ለዚህ ነው የራሱ ዘይት፣ የራሱ ማጠራቀሚያና የራሱ ማቀዝቀዣ ያለው። የሞተር ዘይት በስሕተት ቢጨመርበት ሮለሮቹ ይንሸራተታሉ። ሌላው የወደድኩት ግፊቱ ከሞተሩ ዙር ጋር ቀስ በቀስ ማደጉ ነው። ቱርቦ ብዙውን ጊዜ በመካከለኛ ዙር ላይ ድንገት ይነሣና ቢየላውን በአንድ ጊዜ ይመታዋል፤ የዚህ ሞተር ቢየላ ደግሞ ቀጭን ነው። ይህኛው በደቂቃ በ3,000 ዙር እምብዛም አይታወቅም፤ ከ5,000 በላይ ግን መኪናዋ ሌላ ትሆናለች።

የገጠመልኝ የመጀመሪያው ጋራዥ ግን ሌላ ነበር፤ ስሙን አላነሣም። በሁለት ቀን አሥረው፣ ከኪቱ (ከሱፐርቻርጀሩ ሙሉ የዕቃ ስብስብ) ጋር የመጣውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጭነው «ይሄው» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ስለ ዘይት ሙቀት የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም። ሦስት ወር በደስታ ነዳሁ። ከዚያ ጉልበቱ ተለመደኝና ተጨማሪ አማረኝ። ትንሽ ፑሌጃ ቢገጠም መጭመቂያው በፍጥነት ይዞራል፣ ግፊቱም ይጨምራል፤ ዋጋው ደግሞ ከአንድ ጎማ አይበልጥም። ሽማግሌው ዘንድ የሄድኩት ይህችን ፑሌጃ ልገዛ ነበር።

ኮፋኖውን ከፍተው ትንሽ ተመለከቱና «ዘይትህ ስንት ዲግሪ ይደርሳል?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«በከፍተኛ ዙር ላይ ስትረግጣት አየርና ቤንዚኑ በምን መጠን ይደባለቃል?»

እሱንም አላውቅም ነበር።

«እንግዲያው አልሸጥልህም። ፑሌጃዋ እዚሁ አለች፤ መደርደሪያው ላይ ናት። አንተ ግን አልደረስክም፣ ልጄ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ገንዘብ የያዘን ደንበኛ የሚመልስ ነጋዴ ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ፣ ሰሚት ፖይንት፣ ሄድኩ። ዋናው ሜዳ 2 ማይል ርዝመትና 10 መታጠፊያዎች አሉት፤ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ የሚያልቀው ጠንክሮ ፍሬን በሚያስይዘው የመጀመሪያው መታጠፊያ ነው። በድሮ ጉልበቷ መኪናዬ እዚያ ጫፍ ላይ በሰዓት 108 ማይል ትደርስ ነበር፤ ያን ቀን 119 ደረሰች። ሜዳውን ለሰባተኛ ጊዜ ስዞር ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ እየለዘበ ወደ ወለሉ ወረደ። አነሣሁና ደገምኩ፤ አሁንም ወረደ። በሦስተኛው ያዘልኝ፤ መታጠፊያውን ስቼ በሣሩ ጠርዝ ላይ አለፍኩ። ወደ መቆሚያው ስመለስ ጎማው አካባቢ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነበረ፤ እጄ መሪው ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ሰኞን ዘለው ማክሰኞ ነው የሚከፍቱት፤ ማክሰኞ ጠዋት በራቸው ላይ ነበርኩ። የሆነውን ስነግራቸው አልገሠጹኝም። ወንበር ሰጡኝና ስለ ዓባይ በረሃ ነገሩኝ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ጭነት ይዘው ሲወርዱ ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ ሸራው መሽተት ይጀምር እንደነበር፣ አሮጌ ሹፌር የሚታወቀው በከባድ ማርሽ ሞተሩን እያስያዘ ሲወርድ፣ ጀማሪው ደግሞ ፍሬኑን ሲያቃጥል እንደነበር። «ወደ ደጀን የሚያወጣህ ሞተር ነው» አሉኝ፤ «ድልድዩ ድረስ የሚያደርስህ ግን ፍሬን ነው። አንተ ሞተሩን ብቻ ገዛህ።»

ልጃቸው በወረቀት ላይ አሰላልኝ። ፍሬን የሚያጠፋው ኃይል ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ108 ወደ 119 ማይል ፍጥነቱ የጨመረው በ10 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ዲስኩ ወደ ሙቀት ሊቀይረው የሚገባው ኃይል ከ20 በመቶ በላይ ጨምሯል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 ላይም ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ይጨመቃል፣ ፔዳል ይወርዳል። የእኔ ዘይት አራት ዓመት አልተቀየረም ነበር።

ወረቀቱ የተጻፈው ያን ጠዋት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ለሜዳ ሙቀት የተሠራ የፍሬን ሸራ፣ በብረት ጥልፍ የተሸፈነ የፍሬን ቱቦና አዲስ ዘይት፤ 640 ዶላር። መኪናዋን በዚያው ቀን አስቀሩብኝ፤ በአውቶቡስ ነው ቤቴ የገባሁት።

ቀጥሎ የመጣው የሞተር ዘይት ነው፤ ጋራዡን ያከበርኩትም እዚህ ላይ ነው። መለኪያ ሰኩና ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጦ ሀይዌይ ላይ አስነዳኝ። ደጋግሜ በኃይል ስረግጣት ዘይቱ 134 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። ይህ ሞተር የሚጠቀመው ቀጭን ዘይት ነው፤ ሲግል ይብስ ይቀጥናል፤ ኩሽኔታውንና ብረቱን የሚለያየው ደግሞ ያ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ማቀዝቀዣ ራዲያተር ከፊት ገጠሙለት። እኔ የማላስበውን አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ፤ ቴርሞስታት ያለው ማያያዣ፣ በጥር ብርድ ዘይቱ ሳይሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ። ከዚያ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው አነዳድ 112 ላይ ቆመ። የመለኪያውን ፎቶግራፍ እስካሁን ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ቤንዚኑን በተመለከተ ነገሩ ረቀቅ ይላል። የዚህ ሞተር የመጭመቅ መጠን 12.5 ለ1 ነው፤ ያለ ሱፐርቻርጀርም ከፍተኛ ነው። በላዩ ላይ አየር ስትጭንበት ሙቀቱ ይከማቻል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፖምፓ የነፋ ሰው የፖምፓው ጫፍ እንዴት እንደሚግል ያውቃል፤ እዚህም ያው ነው። በ30 ዲግሪ የገባ አየር በግማሽ ባር ሲጨመቅ ከ80 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይወጣል፤ ኢንተርኩለሩ ያንን መልሶ ያወርደዋል። በዚህ ላይ ቤንዚኑ ካነሰ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ማንኳኳት ማለት የካንዴላው እሳት ገና ያልደረሰበት ቤንዚን በራሱ ሲፈነዳ ነው፣ ፒስተን የሚሰብረውም ይኸው ነው። ስለዚህ በሙሉ ግፊት ላይ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 11.5 ኪሎ አካባቢ አየር እንዲሆን ይፈለጋል። የእኔ መኪና 12.8 ላይ ትሄድ ነበር። ከ6,500 ዙር በላይ ቤንዚን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ያላቸውን ያህል ሰጥተው ጨርሰዋል። ያችን ትንሽ ፑሌጃ በዚያን ቀን ገጥሜባት ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም፤ ልጃቸው ግን የተቀዳውን መስመር በጣቱ ተከትሎ ጫፉ ላይ ሲደርስ ዝም አለ።

ትልልቅ ኢንጀክተሮች፣ ጠንካራ የቤንዚን ፖምፓ፣ ከመሪው አጠገብ የአየርና ቤንዚን መለኪያ፣ አንድ ደረጃ ቀዝቀዝ ያለ ካንዴላ ገባ። ፍሪሲዮኑ ተቀየረ፤ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፣ ከበድ ይላል፣ በአንድ ሳምንት ይለመዳል። የጭስ ማጽጃውን እንዲያወጡልኝ ብጠይቅ አልነኩትም፤ ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ አለ፣ እኛ አካባቢ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ይታከልበታል። እንዲያው ሕግ ባይኖርስ? «ከኋላህ የሚሄድ ሕፃን አለ» ነው ያሉኝ።

በመጨረሻ ዳይኖ ላይ ወጣች፤ ጎማው ሮለር ላይ እየዞረ ጉልበት የሚለካበት ማሽን ነው። ሱፐርቻርጀሩ ሳይገጠም በፊት ጎማዋ ላይ የሚደርሰው 168 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ በመጀመሪያው ጋራዥ ፕሮግራም 238፤ በአዲሱ ማስተካከያ 246። ስምንት የፈረስ ጉልበት ለማግኘት ይህን ሁሉ ማውጣት ለሚያስገርመው ሰው የምነግረው፣ በድሮው መስመር ላይ ማንኳኳቱን የሚያሳዩት ነጥቦች ከላይ እስከ ታች ተበትነው እንደነበር፣ በአዲሱ ላይ ግን አንድም አለመታየቱን ነው። ማሽኑ ቆሞ ፋኑ ሞተሩን እያቀዘቀዘ ሳለ ሽማግሌው ስለ አዲስ አበባ አየር አወሩን። እዚያ ከፍታው 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሞተር ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል አየር ይጎድለዋል፤ የእኔን ሱፐርቻርጀር እዚያ ብገጥመው ከሚጨምረው ግፊት ከግማሽ በላዩ የጎደለውን በመሙላት ያልቅ ነበር። ወጣት ሳሉ ቱርቦ ያለው የጭነት መኪና የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙትን ፉጨት በአፋቸው እያሰሙን ነበር የተለያየነው።

ድጋፍ የሚሰጡት ዕቃዎች ከነሥራቸውና ከነማስተካከያው 4,360 ዶላር ወጡ፤ ለኪቱ ከከፈልኩት ከአምስት እጅ አራቱን ያልፋል። ሱፐርቻርጀር ለመግዛት የምታስቡ ይህን ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ያዙት። ገንዘቡ ለኪቱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ኪቱን አታስገጥሙ፤ ፍሬንና የዘይት ማቀዝቀዣ ገዝታችሁ በነበረው ጉልበት ሜዳ ውጡ። እኔ በዚያ ቅደም ተከተል ብሄድ ኖሮ የመጀመሪያው መታጠፊያ ሣር ላይ አልገኝም ነበር።

ጋራዡ ጉድለት አለበት፤ እሱንም መናገር ይገባል። ስልክ አያነሡም፤ መልእክት ብትተዉም ሁለት ቀን ይፈጃል። ለፍሪሲዮኑ ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ፤ የተባለው አንድ ሳምንት ነበር፣ መዘግየቱንም እኔ ጠይቄ ነው ያወቅኩት። መቀመጫ ክፍል የለም፤ ክረምት ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ደረሰኙ በእጅ የሚጻፍ በመሆኑ መኪናዬን ለኢንሹራንስ ስመዘግብ እንደገና በኮምፒውተር አስጽፌዋለሁ። በዋጋ ግን አንድ ጊዜም ከወረቀቱ አላለፉም፤ እንዲያውም የኢንጀክተሩ ዋጋ ሲወርድ ልዩነቱን ሳልጠይቅ መልሰውልኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ዘይት ለማስቀየር ስሄድ ፑሌጃዋ ያው መደርደሪያ ላይ፣ ያው ካርቶን ውስጥ ነበረች። በወረቀቱ ጀርባ ስሟ አጠገብ ዋጋ ተጽፏል፤ ቀን ግን የለውም። ለግንቦት ሰሚት ፖይንት ተመዝግቤያለሁ። ሽማግሌው የጠየቁኝ የአንድ ሙሉ ቀን የዘይት ሙቀትና የቤንዚን መዝገብ ነው፤ መቅጃውን ልጃቸው ከመቀመጫዬ ሥር አስሮልኛል።