አምስተርዳም በእግር፦ በሄረንግራኽት ወይስ በፕሪንሰንግራኽት?

በእነዚህ ሁለት የአምስተርዳም ቦዮች ዳር የሚደረጉት ሁለቱም የእግር ዙሮች ከዳም አደባባይ ተነስተው እዚያው ይመልሱዎታል። ሁለቱም ቦዮች የተቆፈሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዩኔስኮም አካባቢውን እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ሄረንግራኽት የሀብታሞቹ ሰፈር ነው። በተለይ «ወርቃማው መታጠፊያ» በሚባለው ቦታ የድሮ ነጋዴዎች ሰፋፊ ቤቶች ተደርድረዋል። ቦዩ ሬጉሊርስግራኽት ከሚባለው ሌላ ቦይ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቆም ካሉ ሰባት ድልድዮች በአንድ መስመር ይታያሉ። ማታ መብራታቸው ሲበራ ይበልጥ ያምራሉ።

ፕሪንሰንግራኽት ግን ሞቅ ይላል። ታዋቂው ሠዓሊ ሬምብራንት የተቀበረበት ቬስተርኬርክ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። አለፍ ሲሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚዎች ተደብቃ የዕለት ማስታወሻዋን የጻፈችው የአይሁዳዊቷ ልጅ የአን ፍራንክ ቤት አለ፤ ትኬቱ የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ስለሆነ ድንገት ሄጄ እገባለሁ ብለው አያስቡ። ቅዳሜ ከሆነ ኖርደርማርክት የሚባለው አደባባይ ላይ የገበሬዎች ገበያ ይቆማል። አይብ ነው፣ ዳቦ ነው፣ አትክልት ነው፣ ሁሉም አለ። ከዚያ ዮርዳን በሚባለው ሰፈር ጠባብ መንገዶች ዘና ብሎ መንሸራሸር ነው።

እኔ ለፕሪንሰንግራኽት አደላለሁ። ጊዜ ያጠረው ሰው ግን ሄረንግራኽትን ይያዝ፣ ለዳም ይቀርባል። በየትኛውም ቢሄዱ የብስክሌት መንገድ ላይ ቆመው ፎቶ አያንሱ፤ ደወሉ ብቻ ሳይሆን ስድቡም ይደርስዎታል።