«ሠላሳውንም ቡድን ታያላችሁ» ብለው ነው የሚሸጡት፤ ላስ ቬጋስ ያላችሁ ተጠንቀቁ

ላስ ቬጋስ ያላችሁ የቤዝቦል ወዳጆች፣ የአሜሪካን ትልቁን ሊግ (MLB) ጨዋታዎች በኢንተርኔት የሚያሳየውን የሲዝን ፓኬጅ ለመግዛት ካሰባችሁ ካርዳችሁን ሳታወጡ ይህን አንብቡ። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም፤ ቃሌ ቢሻክር አትቀየሙኝ።

የመደብሩን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። የኢንተርኔት ልትከፍሉ ስትገቡ ታብሌት የያዘ ልጅ ፈገግ ብሎ ይጠጋችኋል። ጥያቄዬ ስለ ሎስ አንጀለሱ ቡድን አንድ ብቻ ነበር፦ «ዶጀርስን በቀጥታ ያሳያል?» መልሱ «ሠላሳውንም ቡድን፣ ሙሉ ሲዝን» ነው። ደግሜ ጠየቅሁት፣ ደግሞ ያንኑ አለ። ወደ 150 ዶላር ተከፈለ።

ትናንት ማታ በፈረንጅ ሰዓት 7፡10፣ ዶጀርስ ከፓድሬስ። ጨዋታው ዝርዝሩ ላይ አለ። ስጫነው ክቧ ትንሽ ዞረችና ስክሪኑ ጠቆረ፤ ባላችሁበት አካባቢ ይህ ጨዋታ አይታይም የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጃይንትስን ከፈትኩ፣ ያው ነው። ዳይመንድባክስም ያው። የተከፈተው ማንም ያልጠየቀው የሲያትል ጨዋታ ነው።

ዛሬ ጠዋት መደብሩ ስሄድ ያው ልጅ ከታብሌቱ ቀና እንኳ አላለም። «አውት ኦፍ ማርኬት ይላል እኮ፣ አላነበብከውም?» አለኝ። ገንዘቤስ? «አንዴ ከተከፈተ አይመለስም።» የተከፈተው ጥቁር ስክሪን ነው! አጠገቡ የነበረችው ኃላፊ ይቅርታ በማለት ፈንታ ዶጀርስን የሚያሳየውን ሌላ ፓኬጅ ዋጋ ትነግረኝ ጀመር። እንደማይሠራ እያወቁ ነው የሸጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊጉ አገሩን ለቡድኖቹ ሸንሽኖ አከፋፍሏል። ቡድኑ በክልሉ ያለውን የቀጥታ ስርጭት ለአንድ ጣቢያ ብቻ ይሸጣል፤ ጣቢያው ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣው እዚያ ክልል ውስጥ ሌላ ማንም እንዳያሳይ ነው። የምንገዛው ፓኬጅ ደግሞ በቀጥታ የሚያሳየው ከምንኖርበት ክልል ውጪ ያሉትን ቡድኖች ብቻ ነው፤ «አውት ኦፍ ማርኬት» ማለት ይኸው ነው። ላስ ቬጋስ የራሷ የሊጉ ቡድን ሳይኖራት የስድስት ቡድኖች ክልል ተደርጋለች፦ ዶጀርስ፣ ኤንጅልስ፣ ፓድሬስ፣ ጃይንትስ፣ አትሌቲክስ፣ ዳይመንድባክስ። ሎስ አንጀለስ በመኪና 270 ማይል ያህል ነው፣ የጃይንትስ ከተማ ሳን ፍራንሲስኮ ከ550 ማይል በላይ። ከስድስቱ አንዱ የትም ከተማ ይጫወት፣ ከማንም ጋር ይጫወት፣ ለእኛ ይዘጋል። አዮዋ ግዛትም ልክ እንደኛ ስድስት ቡድኖች ተዘግተውባታል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው፣ የክልሉን ጣቢያ በአካባቢያችሁ የሚያቀርብ ድርጅት ባይኖርም እገዳው አይነሳም። ዶጀርስ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአንድ ጣቢያ ጋር የ25 ዓመት የስርጭት ውል የጀመረው በ8.35 ቢሊዮን ዶላር ነው። ጣቢያው የጠየቀውን ዋጋ ብዙዎቹ የኬብልና የሳተላይት አቅራቢዎች እምቢ አሉ፤ እስከ 2020 ድረስ ከሎስ አንጀለስ ቤቶች አብዛኞቹ የገዛ ቡድናቸውን ማየት አልቻሉም። የዶጀርስ ጨዋታ ተራኪ ቪን ስኩሊ ከ67 ሲዝን በኋላ በ2016 ማይክራፎኑን ሲያስቀምጥ፣ በድምፁ ያደጉ ብዙ ሰዎች የመጨረሻ ዓመታቱን በቴሌቪዥን ሳይከታተሉ ቀሩ። ይህ ለእኔ ትልቅ ግፍ ነው።

ደጋፊዎች በ2012 ሊጉን ፍርድ ቤት ከሰውት ነበር። በ2016 በስምምነት ሲያልቅ የአንድ ቡድን ፓኬጅ በ84.99 ዶላር መጣ፣ የሙሉውም ዋጋ ቀነሰ። የክልል እገዳው ግን ባለበት ቀረ።

መፍትሔ ብለው የሚነግሯችሁንም እወቁት። የታገደው ጨዋታ በፓኬጁ የሚከፈተው ካለቀ 90 ደቂቃ ቆይቶ ነው፤ በፈረንጅ ሰዓት ማታ 10 ሰዓት ያለቀውን 11፡30 ላይ፣ ውጤቱን ስልካችሁ ከነገራችሁ በኋላ ማለት ነው። ፓድሬስና ዳይመንድባክስ ከ2023 ጀምሮ ለክልላቸው ሰው በቀጥታ ይሸጣሉ፤ ሲጀምሩ በወር 19.99 ዶላር ነበር፣ ግን ሌላ ክፍያ እንጂ የዚህ ፓኬጅ አካል አይደለም። የጥቅምቱ የዋንጫ ጨዋታም ኬብል ለሌለው ሰው በፓኬጁ በቀጥታ አይታይም።

ሊጉ ድረ ገጹ ላይ ዚፕ ኮድ አስገብታችሁ የታገዱባችሁን ቡድኖች የምታዩበት ቦታ አለ። መጀመሪያ እሱን አድርጉ። ሻጩ «ሁሉም ይታያል» ካለ ደግሞ የቡድኑን ስም ጠርቶ ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ፤ አልጽፍም ካለ ውጡ።