ደሴ ላይ የሚሰጠው የመካከለኛ ደረጃ የአዲስ ኪዳን ግሪክኛ ሰዋስው ኮርስ

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው ይህ ኮርስ ፊደል ለሚቆጥር ጀማሪ አይደለም። የስምና የግሥ እርባታን ጨርሶ በመዝገበ ቃላት እየታገዘ ወንጌልን ማንበብ ለጀመረና የዐረፍተ ነገሩ አገባብ ለትርጓሜ ምን እንደሚጨምር ማወቅ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። ትምህርቱ ለተከፈለበት ገንዘብ የሚገባ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ቅሬታዬ በማስተማሪያ ጽሑፉና በንባቡ ማነስ ላይ ነው።

የመምህሩ ዋና ብርታት፣ ለአንድ አገባብ ስም ሰጥቶ ሊያልፍ የሚፈልግን ተማሪ ምክንያቱን ከምንባቡ ሳያሳይ አለማሳለፋቸው ነው። በ2ኛ ቆሮንቶስ 5፥14 ያለው «የክርስቶስ ፍቅር» በግሪክኛውም እንደ አማርኛው ክርስቶስ እኛን የወደደበት ወይም እኛ እርሱን የምንወድበት ፍቅር ሊሆን ይችላል፤ ተማሪው ግን ቀጥሎ የመጣው «አንዱ ስለ ሁሉ ሞተ» የሚለው ቃል ወደ መጀመሪያው እንደሚያደላ አስረድቶ መቀመጥ አለበት።

ከሁሉ የበለጠ የረካሁት በማቴዎስ 28፥19 ላይ ነው። በግሪክኛው በትእዛዝ አንቀጽ የመጣው «ደቀ መዛሙርት አድርጓቸው» ብቻ ስለሆነና «ሂዱ» የተባለው በቦዝ አንቀጽ ስለተቀመጠ፣ ብዙ ሰባኪዎች «መሄድ ትእዛዝ አይደለም፤ በምትሄዱበት ሁሉ ማለት ነው» ይላሉ። መምህሩ ሳይከራከሩ ማቴዎስ 2፥8ን አስገለጡን። ሄሮድስ ሰብአ ሰገልን ስለ ሕፃኑ እንዲመረምሩ ሲልክ የተጠቀመው ያንኑ ቃል በዚያው አሠራር ነው፤ መሄዱን ለፈቃዳቸው እንዳልተወው ግልጽ ነው። እናት ልጇን «ሄደህ ውሃ አምጣ» ስትለው መሄዱም ጭምር መታዘዙን ለሚያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ «እያጠመቃችሁ» እና «እያስተማራችሁ» የሚሉት ደግሞ ደቀ መዛሙርት የማድረጉን መንገድ ያሳያሉ።

ዮሐንስ 1፥1ም በተመሳሳይ ጥንቃቄ ተሰጥቷል። «ቃልም እግዚአብሔር ነበረ» በሚለው ውስጥ «እግዚአብሔር» የሚለው ስም በግሪክኛው ከግሡ ቀድሞ የመጣው ያለ መስተአምር፣ ማለትም ስሙ የታወቀ መሆኑን የሚያመለክት ቃል ሳይኖረው ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካዊው ምሁር የኮልዌል ደንብ፣ ባለቤቱ ምን እንደሆነ የሚናገርና የታወቀ ነገርን የሚያመለክት ስም ከግሡ ሲቀድም አብዛኛውን ጊዜ መስተአምር እንደማይይዝ ብቻ የሚናገር ሲሆን፣ ደንቡን ገልብጦ ከግሥ የቀደመ መስተአምር የሌለው ስም ሁሉ የታወቀ ነው ማለት ግን ስሕተት መሆኑን መምህሩ አጥብቀው ያስተምራሉ።

ከዋድላ ቅኔ ቤት የመጡ ተማሪዎች ባለቤትን፣ ዘርፍንና ቦዝ አንቀጽን ከግእዝ ሰዋስው ስለሚያውቁ ከሌሎቻችን ይቀድሙ ነበር። የግእዙ ወንጌል ራሱ ከግሪክኛ የተተረጎመ ሆኖ ሳለ ኮርሱ ይህን ድልድይ አለመጠቀሙ፣ በተለይ እዚህ ወሎ ውስጥ፣ ያስቆጫል።

የሚታደለው ጽሑፍ በተደጋጋሚ ፎቶ ኮፒ የደበዘዘ በመሆኑ ከፊደላቱ በላይና በታች የሚጻፉት ጥቃቅን ምልክቶች ጠፍተዋል። «በመጀመሪያ» በሚለው የዮሐንስ ቃል ላይ ኤታ ከተባለው ፊደል ሥር የምትጻፈው ኢዮታ የተባለች ትንሽ ፊደልና ከላይ ያለው የድምፅ ምልክት ካልታዩ፣ ቃሉ ባለቤት ይሁን ሌላ ሙያ ያለው ስም በዓይን መለየት አይቻልም። አገባብ ለሚያስተምር ተቋም ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ሌላው ጉድለት ምሳሌዎቹ ሁሉ ነጠላ ጥቅሶች መሆናቸው ነው። በግሪክኛው አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር የሆነው ኤፌሶን 1፥3-14 ለዚህ ደረጃ ተማሪ ሰፊ የሥራ መስክ ሊሆን ሲገባው በጥድፊያ ታልፏል፤ የዕብራውያን መልእክት ጨርሶ አልተነካም።

የመጀመሪያውን ደረጃ የጨረሰ ሰው ቢመዘገብ አይጸጸትም፤ የራሱን የታተመ የግሪክኛ አዲስ ኪዳን ይዞ ይምጣ።